የስኳር በሽታና እየተመላለሰ የሚነሣ የሽንት ማቃጠል
(ለእናቶችና ለቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ብዙ ሴቶች በልባቸው የሚያውቁት፥ በአፋቸው ግን የማይናገሩት ነው። ይኸውም የስኳር በሽታ ባለባቸው ሴቶች ላይ እየተመላለሰ የሚነሣ የሽንት ማቃጠል ነው። ስለ ራስ ምታት ወይም ስለ ጥርስ ሕመም ጎረቤት ፊት ማውራት ቀላል ነው። ስለ ሽንት ግን ማን ያወራል? ባልዋ፦ «ምን ሆነሽ ነው ሌሊቱን ሙሉ የምትመላለሺው?» ቢላት፥ «ምንም አልሆንኩም፤ ብርድ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይተዋታል፤ ደግሞ ይመለስባታል። በመጨረሻ ሕመሙ ከፊኛ ወደ ኵላሊት ይወጣና ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ያመጡአታል። እዚያ ከመድረስዋ በፊት ግን ብዙ ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሐፍረቱን ወደ ጎን ትተን ነገሩን በግልጽ እንነጋገርበት።

ሕመሙ ከወዴት ይመጣል?

በየመንደሩ «ፀሐይ ላይ ሸንታ ነው»፥ «ትኩስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው»፥ «ብርድ ገብቶባት ነው» ሲባል እንሰማለን። ሕመሙን የሚያመጣው ግን ፀሐይም ድንጋይም አይደለም። የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። ከእነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢ ኮላይ የሚባለው ነው። ይህ ጀርም መኖሪያው የሰው አንጀት ነው፤ በአንጀት ውስጥ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳንም። ከዐይነ ምድር ጋራ ወጥቶ ወደ ሽንት መውጫው ሲሻገርና ሽቅብ ወደ ፊኛ ሲገባ ግን ማቃጠል ይጀምራል።

ታዲያ ለምን ሴቶችን ያበዛል? ምክንያቱ የመንገዱ ማጠር ነው። የወንድ የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፥ ማለት አንድ ስንዝር ያህል ነው። የሴት ግን 4 ሴንቲ ሜትር፥ ማለት የሁለት ጣት ወርድ ያህል ነው። ደግሞም መውጫው ለፊንጢጣ ቅርብ ነው። ስለዚህ ጀርሙ ሩቅ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ባሎችም ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። የፊኛ ሕመም ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ያመጣችው በሽታ አይደለም። ጀርሙ ከገዛ ሰውነትዋ የተነሣ ነው። ሚስትን በዚህ መጠርጠርም መውቀስም ተገቢ አይደለም። ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን የሚደብቁት ይህን ወቀሳ ፈርተው ነው። ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ቍስል ካለ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል።

የስኳር በሽታ ያለባት ሴት ለምን ይብስባታል?

ምክንያቱ ሦስት ነው።

1ኛ፤ በሽንት ውስጥ ስኳር ይገኛል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኵላሊት ሁሉንም መልሶ ማስቀረት ስለማይችል ትርፉ በሽንት ይፈስሳል። አንዳንድ ሰው በሸናበት ስፍራ ጉንዳን ሲሰበሰብ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ጉንዳን የወደደውን ጀርምም አይጠላውም።

2ኛ፤ ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ጀርምን የሚዋጋበት ኀይል ይደክማል። ጤነኛዋን ሴት ሳያሳምማት የሚያልፈው ጀርም እርስዋን ይጥላታል።

3ኛ፤ ስኳሩ ለብዙ ዓመታት ሳይስተካከል ሲቆይ ጅማቶችን፥ ማለት ነርቮችን ይጎዳል። እግር እንደሚደነዝዝ ሁሉ ፊኛም ይደነዝዛል። ሞልቶ ሳለ አይሰማትም፤ ስትሸናም ሙሉ በሙሉ አይራቈትም፤ ከታች ጥቂት ይቀራል።

ይህን ሦስተኛውን ነገር እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጠላ የምትጠምቅ ሴት የድሮውን አተላ ሳትደፋ፥ ጋኑን ሳታጥብና በወይራ ሳታጥን አዲስ ጥንስስ ትጨምርበታለች? አትጨምርም፤ ያ የቀረው አተላ አዲሱን ያበላሸዋልና። ፊኛም እንዲሁ ነው። ከታች የቀረው ሽንት አዲስ የመጣውን ያበላሸዋል። አንድ ጀርም በሚመቸው ስፍራ በ20 ደቂቃ ገደማ ሁለት ይሆናል። አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እያለ በአንድ ሰዓት ስምንት ከሆነ ሽንትዋን ከጧት እስከ ማታ የያዘች ሴት ምን ያህል ጀርም እንደምትሸከም እስቲ አስቡት።

ሕመሙን እንዴት እንለየዋለን?

የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ስኳርዋ ሲጨምር ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። ይህ ብቻውን የፊኛ ሕመም አይደለም። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ስኳር ሲበዛ ሽንቱ ብዙ ነው፥ አያቃጥልም፥ ጥማትም አብሮት አለ። ፊኛ ሲታመም ግን ሽንቱ ጥቂት ጥቂት ነው፤ ሲወጣ ያቃጥላል፤ ገና ከመሽናትዋ እንደገና ያጣድፋታል። ከእምብርት በታች ያማታል። ሽንቱ ይደፈርሳል፥ መጥፎ ሽታ ይኖረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይቀላቀልበታል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ሽንትዋንም ስኳርዋንም ማስመርመር ደግ ነው።

ሌላም አለ። ማሳከክ የበዛበት፥ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ በብልት አካባቢ የሚወጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህም ስኳር ሲበዛ ይበረታል፤ መድኀኒቱ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ አዳዲስ የስኳር ኪኒኖችም ስኳሩን በሽንት በኩል የሚያስወጡ በመሆናቸው ይህን ማሳከክ ያመጣሉ። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ ማሳከክ የተነሣባት ሴት ለሐኪምዋ ትንገር።

አሁን ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልግባቸውን ምልክቶች በልባችሁ ያዙ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ ከጎድን በታች በጎን ወይም በጀርባ የሚወጋ ሕመም፤ ማስታወክ፤ የሐሳብ መደነጋገር ወይም ከባድ ድካም፤ ሽንት ጨርሶ እንቢ ማለት። እነዚህ ሕመሙ ወደ ኵላሊት ወይም ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። «ነገ ይሻለኛል» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። እርጉዝ የሆነች ሴትም ማቃጠሉ ትንሽ ቢሆን እንኳ አትጠብቅ፤ ለእርስዋም ለጽንሱም ያሠጋል። ስኳር ያደነዘዛት ሴት ሕመሙ ላይሰማት ይችላል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ወይም በድንገት የጨመረ ስኳር ካለ ሽንትዋ ይመርመር።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ ውሃ በደንብ መጠጣት። አንዲት ሴት በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውሃ ትጠጣ፤ እርሻ ስትውል ወይም ሙቀት ሲበረታ ትጨምር። ሽንትዋ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥታለች ማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፥ ጥቂት ውሃ ይጠጡ የነበሩና የፊኛ ሕመም የሚመላለስባቸው ሴቶች በቀን 1 ሊትር ተኩል ውሃ ሲጨምሩ ሕመሙ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰላቸው አሳይቶአል። የወንዝና የጕድጓድ ውሃ ይፈላ፥ በተከደነ ዕቃም ይቀመጥ። የልብ ወይም የኵላሊት ድካም አለብሽ የተባለች ሴት ግን የውሃውን መጠን አስቀድማ ሐኪምዋን ትጠይቅ።

2ኛ፤ ሽንትን አለመያዝ። ባይመጣባት እንኳ በየ3 ሰዓቱ ትሽና። ገበያ ከመሄድዋ በፊት፥ ከመተኛትዋም በፊት ትሽና። ስትሸና አትቸኵል። ከጨረሰች በኋላ ጥቂት ቆየት ብላ እንደገና ትሞክር፤ ያ አተላ ያልነው የቀረው ሽንት በዚህ ይወጣል።

3ኛ፤ ንጽሕና። ከመጸዳጃ ስትነሣ ከፊት ወደ ኋላ ትጥረግ፥ ትታጠብም እንጂ ከኋላ ወደ ፊት አይሁን። ሴቶች ልጆችንም ከሕፃንነታቸው ጀምራችሁ ይህን አስተምሩአቸው። ውጭውን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ወደ ውስጥ ሳሙና፥ ሎሚ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማስገባት ሥጋን ይቈጣል እንጂ ጀርምን አያጠፋም። የወር አበባ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይስጣ። «ሰው ያየዋል» ብላችሁ ከአልጋ ሥር እርጥቡን አትደብቁት።

4ኛ፤ ከባልና ሚስት ግንኙነት በኋላ ሴትዮዋ ወዲያው ተነሥታ ትሽና። በዚያ ጊዜ ወደ ቧንቧው የገባውን ጀርም ሽንቱ ጠርጎ ሊያወጣው ይችላል። ባልም ንጹሕ ይሁን።

5ኛ፤ ስኳርን ማስተካከል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የታዘዘውን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን በሰዓቱ መውሰድ፥ በቀጠሮ ቀን መገኘት፥ ምግብን መጥኖ መብላት። «ማር መድኀኒት ነው፥ ስኳርን አይጨምርም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ማርም ጠጅም ለስላሳ መጠጥም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ቡናው ያለ ስኳር ይጠጣ። በጾም ወራትና በረመዳን ደግሞ ሕመምተኛዋ በራስዋ ፈቃድ መድኀኒትዋን አታቋርጥ፤ ሐኪምዋንና የሃይማኖት አባትዋን ትጠይቅ።

ስለ መድኀኒት ጥቂት ቃል

ማቃጠል ሲጀምር ጎረቤት ትመጣና «እቴ አይዞሽ፤ እኔ ባለፈው የተረፈኝ ኪኒን አለ፤ ሁለቱን ዋጪና ይተውሻል» ትላለች። የምትለው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ምክሩ ይጎዳል። ሁለት ኪኒን ደካማውን ጀርም ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል። ብርቱው ተባዝቶ ሲመለስ ያው መድኀኒት አይበግረውም። እንዲህም እየሆነ ሕመሙ ሲመላለስ የሚሠራ መድኀኒት ይጠፋል። ስለዚህ የሰው ትራፊ አትዋጡ፤ ከገበያ የተገዛ ስሙ ያልታወቀ ኪኒን አትዋጡ። የታዘዘላችሁን ሕመሙ ቢተዋችሁም እንኳ እስከ መጨረሻው ጨርሱት።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ባለፈው መቼ እንደ ታመምኩ፥ የትኛውን መድኀኒት እንደ ወሰድኩ» ብላችሁ ተናገሩ፤ ባዶውን ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ። ሕመሙ በ6 ወር ውስጥ 2 ጊዜ፥ ወይም በዓመት 3 ጊዜ ከመጣ ተመላላሽ ነው ይባላል። በዚህ ጊዜ መድኀኒት ከመጀመሩ በፊት ሽንቱ ተወስዶ ጀርሙ ይበቅልና የትኛው መድኀኒት እንደሚገድለው ይታያል። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ባይገኝም በትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛል። ሐኪሙ ፊኛዋ ሽንት እያስቀረ እንደ ሆነም፥ በኵላሊትዋ ጠጠር እንዳለም ሊመለከት ይችላል። የወር አበባዋ ለቆረጠ እናት ደግሞ የደረቀውን ስፍራ የሚያለዝብና ሕመሙ እንዳይመላለስ የሚረዳ በሐኪም የሚታዘዝ ቅባት አለ። «አርጅቻለሁ፥ ምን ያደርግልኛል» አትበሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። የስኳር ሕመምተኛ ሴት ምንም ሳያቃጥላት፥ ምንም ሳያማት ሽንትዋ ሲመረመር ጀርም ሊገኝበት ይችላል። እርጉዝ ካልሆነች በቀር እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መድኀኒት አያስፈልገውም። ሐኪሙ «አሁን መድኀኒት አልሰጥሽም» ቢላት ንቆአት አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚዋጥ መድኀኒት ጀርሙን የሚያለማምድ ስለ ሆነ ነው። እርጉዝ ከሆነች ግን ባያማትም መታከም አለባት።

ደግሞም በሕመም ጊዜ የደም ስኳር ይጨምራል። ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት «ምግብ አልበላሁምና መርፌውን ልተወው» ብላ በገዛ እጅዋ ጨርሳ አታቋርጥ፤ ይህ ሕይወትን የሚያሳጣ አደጋ ያመጣል። ሳይበሉ እንደ ወትሮው መውጋትም ስኳሩን ከመጠን በታች ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ መብላት ያቃታት ወይም የሚያስታውካት ሴት ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፥ መጠኑንም እዚያ ይንገሩአት።

የቤተ ሰብ ግዴታ

እስካሁን የተናገርነው ለሴትዮዋ ነው። አሁን ግን ለአባወራውና ለልጆች እንናገራለን።

አንዲት እናት «ውሃ ጠጪ፥ ሽንትሽን አትያዢ» ብንላት፥ መጸዳጃ የሌለው ቤት ውስጥ ሆና እንዴት አድርጋ ትፈጽመው? ወንድ ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ዞር ይላል፤ ማንም ምንም አይለውም። ሴት ግን እስኪጨልም ትጠብቃለች። ጨለማ እስኪሆን ለመቈየት ደግሞ ውሃ አትጠጣም። ሲጨልምም ጅብ ትፈራለች፥ ሰው ትፈራለች። እንግዲህ ውሃ አለመጠጣትና ሽንት መያዝ፥ ሁለቱም በአንዲት ሴት ላይ በየቀኑ የሚወድቁት ቸልተኛ ስለ ሆነች አይደለም፤ የምትሄድበት ስፍራ ስላጣች ነው።

ስለዚህ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኀኒቶች አንዱ በአባወራው እጅ ነው። እርሱም ዶማና አካፋ ነው። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሆነ ጕድጓድ ቈፍሩ። ከምንጭና ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፥ ከውሃውም በታች በኩል ይሁን። በእንጨትና በጭቃ አልብሱት፤ በር አብጁለት፥ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። መክደኛ አድርጉለት። አጠገቡ ውሃ የያዘ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጥ፤ ሳሙና ከጠፋ አመድ ይበቃል። ለሌሊትም ባትሪ ይኑር። ሥራው የጥቂት ቀን ነው፤ ደቦ ቢጠራ ደግሞ ያንሳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ካስተማሩአቸው 16 ጉዳዮች አንዱ ይኸው የመጸዳጃ ሥራ ነበር። አሠራሩን ለማየት የምትሹ ጤና ኬላ ሄዳችሁ ጠይቁአቸው።

ልጆችም እናታችሁን አግዙ። ውሃ ከሩቅ ስትቀዳ የምትውል እናት ለራስዋ መጠጫ ትሰስታለች፤ ጀሪካኑን እናንተ ያዙላት። መድኀኒትዋን አስታውሱአት፤ የቀጠሮዋን ቀን መጻፍ የምትችሉ ጻፉላት። ምራትም ብትሆን አማትዋ ሐፍረት ይዞአት እንደ ሆነ ቀስ ብላ ትጠይቃት፦ «እማዬ፥ ሽንትዎ ያቃጥልዎታል እንዴ? ነገ ጤና ኬላ አብረን እንሂድ»። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ ከኪኒን ትቀድማለች።

እንግዲህ ንግግራችንን እዚህ ላይ እንጨርሳለን። የስኳር በሽታ በዚህ ዘመን እንደ ቀድሞው የሚያስጨንቅ አይደለም። በ1921 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊን በካናዳ ከመገኘቱ በፊት ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተስፋ ቈርጦ ይሞት ነበር። ዛሬ ግን ስኳርዋን የምትጠብቅ ሴት ልጆችዋን አሳድጋ፥ የልጅ ልጅ አቅፋ ትኖራለች። የሽንት ማቃጠሉም ቢሆን ምንጩ የታወቀ፥ መከላከያውም የታወቀ ነው። የሚበጀው ሳይደብቁ ቶሎ መናገር፥ ውሃ መጠጣት፥ ሽንትን አለመያዝ፥ ስኳርን መጠበቅ፥ መድኀኒትን መጨረስ ነው። ይህን የሰማችሁ ላልሰሙት ንገሩ፤ ማንበብ የምትችሉ ልጆች ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው። ጕድጓዱን ያልቈፈራችሁም ዝናቡ ሳይገባ ጀምሩት።